የአባቴ ሁለት ልጓሞች

ቀንቼ ነበር። በኋላ «ደበቀችን» እንዳትሉኝ መጀመሪያውኑ ልንገራችሁ። ሌላ ሴት ብትሆን «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ትላለች። እኔን ሰይጣን አላሳሳተኝም፤ ያን ሰሞን ሥራ በዝቶበት ከጥልያን ጋር ነበር። እኔ ራሴ፣ ሸሪፋ ሙሀመድየሱፍ፣ ዓይኔን ገልጬ በጠራራ ፀሐይ ያደረግሁት ነው።

ዘጠኝ ዓመት ለመስዑድ ብቸኛ ሚስቱ ነበርሁ። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር፣ ታንኳ ከሚጠጋበት አጠገብ ነበር። እሱ ከዘጌ ቡናና ጌሾ በታንኳ እያመጣ መሸንቲ ገበያ ወስዶ ይሸጣል። እኔ ቤት ውዬ ቆዳ እሰፋለሁ፤ ዛብ፣ የኮርቻ ማሰሪያ፣ የበቅሎ መጫኛ፣ የተገኘውን ሁሉ። አባቴ ልጓም ሠሪ ስለ ነበር የፈረስና የበቅሎ ዕቃ በእጄ ይዤ ነው ያደግሁት። የጎደለን ልጅ ነበር። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሦስት ጊዜ ሄጄ ተነከርሁ፤ ለቁርጥማቴ በጀኝ እንጂ ለሌላው አልሆነኝም። በዘጠነኛው ዓመት የመስዑድ ዘመዶች ጎተጎቱት፣ እሱም ብዙ መጎትጎት አላስፈለገውም፣ ራሂማን አገባ።

ራሂማ የዳንግላ ልጅ ናት። አገሩ የፈረስ አገር ነው፤ ሽማግሌው እንኳ በእግሩ ለቅሶ አይደርስም። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ስትመጣ ሙሽራ ከምትይዘው ከሣጥኑና ከጋቢው ሌላ አንድ ዳማ ፈረስ ይዛ መጣች። ወንድሟ አብዱልመጂድ ነው «ድርሻሽ ነው፤ የአባታችን ቤት ሲናፍቅሽ እሱን እዪ» ብሎ የሰጣት። ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ አፉ ብረት ቀምሶ አያውቅም።

እኔ ለአንድ ጣውንት ልቤን አዘጋጅቼ ነበር። ሁለት ሆነው መጡ እንጂ!

በእኛ ደንብ ሁለት ያገባ ሰው ተራ ይጠብቃል። አንድ ሌሊት እዚህ፣ አንድ ሌሊት እዚያ፤ ለአንዷ ነጠላ ከገዛ ለሌላዋም ይገዛል። መስዑድ በዚህ አይታማም፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ሚዛን ነው» ይለው ነበር። ጋጣው ግን በራሂማ ቤት ጓሮ ነው የተሠራው። በእኔ ተራ ይመጣል፣ እራቱን ይበላል፣ እጁን በቅጡ ሳይታጠብ «ፈረሱን አይቼ ልምጣ» ብሎ ይነሣል። እኔ መብራቱን አብርቼ ቁጭ። ሲመለስ ልብሱ ፈረስ ፈረስ ይሸታል፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ለእኔ አምጥቶት የማያውቅ ፈገግታ አለ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ያ ጊዜ በማን ተራ ይቆጠራል?

ዘጠኝ ዓመት አንድ እንስራ ውኃ ተሸክሞልኝ የማያውቅ ሰው፣ ጠዋት ጠዋት ያን ፈረስ ሐይቁ ውስጥ አስገብቶ ጀርባውን በሣር ያሸዋል። «የእኔ ልጅ» ይለዋል። «የእኔ ልጅ፣ ቀስ በል፣ የእኔ ልጅ።» እኔ ዳር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ልጅ ላልወለደችለት ሴት ይኼ ምን ማለት እንደ ሆነ አልገባውም።

የፈረሱ ነገር እውነቱን ለመናገር ጉድ ነው። ዝንብ ስታርፍበት ቆዳው ከአንገቱ እስከ ጭራው ይንቀጠቀጣል። ድምፅህን ከፍ ካደረግህ ይሸሻል፣ ዝቅ ካደረግህ መጥቶ ትከሻህን ያሸትትሃል። ራሂማ አፍንጫው ላይ ለስላሳ የቆዳ ማሰሪያ ብቻ አድርጋ ትጋልበው ነበር። መስዑድ ግን ቀላሉንም ከባዱንም መንገድ ሊሄድበት ስለ ፈለገ ከገበያ ልጓም ገዝቶ አጎረሰው። ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆሞ መስዑድን ጭቃ ላይ ጣለው፤ ድዱ ተልጦ ሦስት ቀን ገብስ መብላት አቃተው። ያን ጊዜ ነው ባሌ ተራዬ ባልሆነ ቀን ቤቴ የመጣው። ደስ ብሎኝ ተነሣሁ።

«ሸሪፋ፣ የአባትሽን ሣጥን ክፈቺልኝ። ለፈረሱ የሚሆነውን ልጓም ምረጪለት» አለኝ።

ለፈረሱ!

የአገራችን ልጓም እንዴት እንደሆነ ያላየ ካለ ልንገረው። አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት መሐሉ ላይ ወደ ላይ የቆመ ምላስ አለው፤ ከምላሱ ሥር ደግሞ ታችኛውን መንጋጋ የሚከብ ቀለበት አለ። ዛቡ፣ ጋላቢው በእጁ የሚይዘው ጠፍር፣ ሲሳብ ምላሱ ላንቃውን ይጫናል፣ ቀለበቱ አገጩን ያጠብቃል። ምላሱ ረጅም ከሆነ የሚያብድ ፈረስ ያቆማል፤ አፉ ስስ የሆነውን ግን ያሳብደዋል። አባቴ ልጓም ሲመርጥ ብረቱን አያይም፤ መጀመሪያ አውራ ጣቱን ፈረሱ አፍ ውስጥ ያገባል። ጥርስ የሌለበትን ድድ ይዳስሳል፣ ምላሱ ወፍራም ወይም ቀጭን መሆኑን፣ ላንቃው ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን በጣቱ ይለካል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ሣጥኑ ውስጥ እጁን ይሰዳል። «መጥፎ አፍ የለም፣ መጥፎ እጅ ነው ያለው» ይል ነበር፣ አላህ ይዘንለት።

ሄጄ አውራ ጣቴን አስገባሁ። ድዱ እንደ ሕፃን ድድ ነው፤ ላንቃው ዝቅ ያለ፣ ምላሱ ሙሉ። ፈረሱ አልነከሰኝም፤ ጣቴን ጠባኝ። ያን ጊዜውኑ የትኛው ልጓም ልኩ እንደሆነ አወቅሁ።

አባቴ ከመሞቱ በፊት ለአንድ የአቸፈር ሹም ሁለት ልጓም ሠርቶ ነበር። ሹሙ ሁለት ፈረስ ነበረው፤ አንዱ ልጓም ነክሶ የሚሄድ ጉልበተኛ፣ አንዱ ደግሞ አፉ ስስ። ሰውየው በሰልፍ ጊዜ ጌጣቸው አንድ እንዲሆን ስለ ፈለገ ሁለቱም ልጓሞች ከውጪ መንታ ናቸው፤ ያው የነሐስ የጉንጭ ጌጥ፣ ያው ሰንሰለት። ውስጡ ግን ሰማይና ምድር ነው። የአንዱ ምላስ እንደ ጣት ቆሟል። የሌላው በሞረድ ተሞርዶ ተሞርዶ ጉብታ ብቻ ነው የቀረው፤ ቀለበቱም ሰፊ ነው። ሹሙ ሳይወስዳቸው ሞተ። እኔ ሣጥኑ ውስጥ ጠቅልዬ አስቀመጥኋቸው።

«አለሽ ወይ?» አለኝ መስዑድ።

«ለእንዲህ ያለ አፍ የሚሆን የለኝም» አልሁት።

ወላሂ፣ ሲወጣ ትከሻው ሲወድቅ አይቼ ረካሁ።

ይኼ የሆነው ጥልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ እንደ ወጣ ነው። በሳምንቱ አዋጅ ተነገረ፤ በአካባቢው ያለ ፈረስ ሁሉ ቅዳሜ ከጥልያን ሰፈር አጠገብ ካለው ሜዳ ይቅረብ፣ የጦሩ አዛዥ ካፒቴን የወደደውን መርጦ ይወስዳል፣ የደበቀ ይቀጣል። ሰው የሰማ ቀን የፈረሱን በሽታ መፈልሰፍ ጀመረ። አምሐ የሚባል የዘንዘልማ ገበሬ ከፈረሱ ኮቴ ሥር ጠጠር ወሽቆ እንዲያነክስ አደረገው። አንዱ ጋማውን ላጭቶ እከክ የያዘው አስመሰለ። የራሂማ ፈረስ ግን ምን ቢደረግለት ያበራል፤ አመድ ብትነሰንስበት እንኳ አምሮበት ቁጭ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መስዑድና ራሂማ አብረው ቤቴ መጡ። ራሂማ ዓይኗ አብጧል። እሱ ሳይቀመጥ ነው የተናገረው።

«ሸሪፋ፣ ለዚህ ፈረስ ደግ ልጓም የለኝም ብለሽኛል። ክፉውን ስጪኝ። ካሉሽ ሁሉ ክፉውን። ካፒቴኑ ፊት ስስበው ይቁም፣ ይዝለል፣ ይጣለኝ። የማይገራ ነው ብለው ይተውታል።»

«አፉ ይቆስላል» አለች ራሂማ።

«ይቆስልና ይድናል። ከወሰዱት ግን አይመለስም።»

ራሂማ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ ሸሪፋ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ብዙ እንዳይጎዳው አድርገው ይምረጡለት።» እትዬ ስትለኝ ደሜ ይፈላ ነበር፤ ከእኔ በስምንት ዓመት ነው የምታንሰው።

ሣጥኑን ከፈትሁ። ምላሱ የቆመውን አውጥቼ ለመስዑድ ሰጠሁት። በጣቱ ነካው፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ «ይኼ ነው» አለ። «ግን በእኔ እጅ ብረት አይቀበለኝም፤ ቅዳሜ አንቺ አጉርሺው» ብሎ መለሰልኝ። ሄዱ።

እዚያው ሣጥኑ ፊት ቁጭ ብዬ ቀረሁ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ አላባረርሁትም። ጥልያን ቢወስደውስ? ጋጣው ባዶ ይሆናል። «አይቼ ልምጣ» የሚባል ነገር ይቀራል። ራሂማ ሣጥንና ጋቢ ብቻ ይዛ እንደ መጣች እንደ ማንኛዋም ሴት ትሆናለች። ተራዬም ሙሉ ተራ ይሆናል። ከዚህ ያለፈ አላሰብሁም፤ ቅናት ሩቅ አያሳይም። ክፉውን ልጓም ጎታው ውስጥ፣ ጤፉ ሥር ቀበርሁት። መንታውን አውጥቼ ዝገቱን በአመድ አሸሁት፣ በቅቤ ወለወልሁት፣ አዲስ ዛብ ሰፋሁለት። ባሌን ልበድል ተቀምጬ እንደዚያ ቀን አድርጌ ሰፍቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ሜዳው ሞላ። ካፒቴኑ ቀጭን ሰው ነው፣ ነጭ ጓንት ያደረገ፤ በወንበር ተቀምጦ ፈረስ ሲቀርብ በጓንቱ «ሂድ» ወይም «ቁም» ይላል። የአምሐን አንካሳ ፈረስ በጓንቱ አባረረው። እከካሙንም አባረረው። ሰው በሆዱ ይስቃል። የእኛ ተራ ሲደርስ ልጓሙን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁ። ብረቱ እንዳይቀዘቅዘው ብብቴ ውስጥ ይዤው ነው የመጣሁት፤ ጨውም ቀብቼዋለሁ። ፈረሱ አፉን ከፍቶ ራሱ ጎረሰው። መስዑድ ያየው ነሐሱን ነው፤ ያው ነሐስ፣ ያው ሰንሰለት። «ቢስሚላህ» ብሎ ወጣበት።

ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ ዛቡን ሳበ።

ፈረሱ አልቆመም። አልዘለለም። አንገቱን እንደ ማጭድ አጠፈና መሬቱን እየመረጠ መርገጥ ጀመረ። መስዑድ ደነገጠ፤ እንደገና ሳበ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደ እብድ። ፈረሱ በሳበው ቁጥር ወደ ጠራው ዞረለት፤ ግራ ሲለው ግራ፣ ቀኝ ሲለው ቀኝ፣ ሲለቀው ደንገላሳ፣ ሲሰበስበው ጭፈራ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። አንዲት ሴት የት እንዳለች ረስታ እልል አለች፣ ባሏ በክርኑ መታት። መስዑድ በአጠገቤ ሲያልፍ አየኝ። ገና አልገባውም ነበር፤ የሆነውን እንድነግረው የሚጠይቅ ዓይን ነው። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ካፒቴኑ ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበ። ራሂማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አለቀ፣ ፈረሱ ሄደ አልሁ በልቤ። ደስ ብሎኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

አንድ አስካሪ፣ ለጥልያን ያደረ ወታደር፣ ተጠርቶ ወጣበት። እጁ ደንዳና ነው፣ ተረከዙም እንደዚያው፤ ፈረሱ ሁለቴ ተፈናጥሮ አወረደው። ሁለተኛ ሌላ ወጣ፤ እሱ ከኮርቻው ሳይደርስ ወደቀ። ካፒቴኑ ሳቀ። ከዚያ ነጩን ጓንት ዘርግቶ ወደ መስዑድ ጠቆመ፣ ለአስተርጓሚው የሆነ ነገር ተናገረ።

«ይኼ ፈረስ ያንተን እጅ ብቻ ነው የሚሰማው ይላሉ» አለ አስተርጓሚው። «አንተም ከፈረሱ ጋር ትመጣለህ። የካፒቴኑ ባልደራስ ሆነህ ፈረሱን ታለምድላቸዋለህ። በሚቀጥለው ሳምንት ዘመቻ አለ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የጮህሁት እኔ ነኝ። «ሰውየውን ምን ልታደርጉት ነው! ፈረሱን ውሰዱት!» ብዬ ሮጥሁ። አስካሪው በሰደፍ ደረቴን ገፋኝ። መስዑድ ፈረሱ ላይ እንደ ተቀመጠ ወሰዱት። ዘመቻው ጫካ ባሉት አርበኞች ላይ ነው፤ አርበኛ ደግሞ ጥይቱን መጀመሪያ የሚያቀምሰው ፊት ፊት የሚሄደውን ፈረሰኛ መሆኑን ሕፃንም ያውቃል።

እሑድ ራሂማ ቤቴ መጣች። መደቡን ትታ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እትዬ፣ አይቻለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ልጓሙን። ያ ክፉው አልነበረም። አረፋው ነጭ ነበር፤ ደም የለበትም። እኔ ያደግሁት ፈረስ አፍ እያየሁ ነው።»

ትጮሃለች፣ ጎረቤት ትጠራለች፣ ፀጉሬን ትይዛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን እጄን ያዘችው።

«አፉ እንዳይደማ አዝነውለት ነው። ገባኝ። እኔም ብሆን እጄ እምቢ ይለኝ ነበር። አልቀየምሁዎትም፤ እንዲያውም ሜዳው ላይ ሳየው 'እህት አለኝ ማለት ነው' አልሁ።»

ያ ረቢ! ብትመታኝ ይሻል ነበር። «አይደለም» ማለት ነበረብኝ፤ እጄን እንደ ያዘች ተውኋት።

«ክፉው የት አለ?» አለችኝ።

«ጎታው ውስጥ።»

«ይውሰዱለትና ይስጡት። ካፒቴኑ ራሱ ሊወጣ ሲል መስዑድ ይቀይርለት። ፈረሱ ከከዳቸው ባልደራስ ምን ያደርግላቸዋል? አባረው ይለቁታል።»

«ፈረሱንስ?» አልኋት።

«ይገድሉታል» አለች። «ፈረስ ነው እትዬ። ልጄ ግን አባት ያስፈልገዋል።» እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ሦስት ወር ሆኗት ነበር፤ ለመስዑድ እንኳ አልነገረችውም፣ መጀመሪያ የነገረችው ለእኔ ነው። የአባቷን ቤት የምታይበትን አንድ ነገር ለእሱ ስትል ስትሰጥ ዓይኗ አልራሰም። እኔ ነኝ ያለቀስሁት። ለፈረሱ መስሏት አቀፈችኝ።

ጤፉን በእጄ ዘግኜ ልጓሙን አወጣሁ። ሰኞ ጠዋት በመቀነቴ ሥር ሆዴ ላይ አሰርሁት፣ አገልግል ያዝሁ፣ ወደ ጥልያን ሰፈር ሄድሁ። ዘበኛው አገልግሉን ከፍቶ አየ፣ ከእንጀራው ጎረሰ፣ አሳለፈኝ። ስራመድ የብረቱ ምላስ ሆዴን ይወጋኝ ነበር። ይውጋኝ፣ ዋጋዬ ነው፣ እያልሁ ሄድሁ።

መስዑድ ከጋጣው ፊት ፈረሱን ያበጥራል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። እውነቴን ነው፤ እኔን አይቶ ፊቱ በራ። ለዚያ ፊት ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ ነበር። ልጓሙን አውጥቼ ስሰጠው በአውራ ጣቱ ምላሱን ነካና ቀና ብሎ አየኝ።

«ሐሙስ ያሳየሽኝ ይኼ ነው።»

«አዎ።»

«ቅዳሜ ያጎረስሽውስ?»

«ሌላ ነው። መንታው። ልኩ እሱ ነው።»

«የት ነበር?»

«ሣጥኑ ውስጥ። መጀመሪያ የጠየቅኸኝ ቀንም ነበር።»

«የለኝም አልሽኝ።»

«አልሁህ።»

ፈረሱ ራሱን ትከሻው ላይ ጣለ፤ መስዑድ ሳያየው ግንባሩን አሸለት። «ለምን?» አለኝ።

«ቀንቼ» አልሁት። ሌላ ቃል የለውም። «እንዲወስዱት ብዬ። አንተን ይወስዱሃል አላልሁም። በቁርኣን፣ አንተን አላልሁም።»

አልመታኝም። አልሰደበኝም። በፊቱ ላይ የበራው ነገር ጠፋ፣ እሱ ብቻ ነው። ራሂማ ያለችውን ሁሉ ነገርሁት፤ ማርገዟን ግን አልነገርሁትም፣ እሷ ትንገረው ብዬ። ልጓሙን ከገለባው ሥር ሸሸገው።

«ራሂማ ያደረግሽውን ታውቃለች?» አለኝ።

«አዝኜለት መስሏታል።»

«መስሏት ይቅር» አለ። «ዝም አይነቅዝም። ሂጂ።»

ረቡዕ ረፋድ ላይ እኔና ራሂማ ከሐይቁ ዳር ልብስ እናጥባለን። ከሰፈሩ በኩል አንድ ጥይት ተሰማ። ራሂማ ልብሱን ለቀቀችው፤ ውኃው ወሰደው። «ዳማዬ» አለች፣ ይኼው ነው ያለችው። በኋላ እንደ ሰማነው ካፒቴኑ ሰልፍ ፊት ሊታይበት ወጥቶ ዛቡን ገና እንደ ሰበሰበው ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆመ፣ ከነካፒቴኑ ወደ ኋላ ወደቀ። የካፒቴኑ ክንድ ተሰበረ። ፈረሱ አፉ ደም እንደ ሞላ ተነሥቶ ሲሮጥ አይደለም የገደሉት፤ ወደ መስዑድ መጥቶ አጠገቡ ሲቆም ነው።

መስዑድን ሃያ ጅራፍ ገርፈው ከሰዓት በኋላ ለቀቁት። ጀርባው ከነልብሱ ተጣብቋል። ራሂማ በር ላይ ተቀብላው እጁን ይዛ ወደ ሆዷ ስትወስድ አየሁ፤ ሰውየው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ወደ እኔ ቤት መጣ። ከጉያው ደጉን ልጓም አውጥቶ በአባቴ ሣጥን ውስጥ በቦታው አኖረው፣ ክዳኑን ቀስ ብሎ ገጠመ፣ ወጣ።

ልጁ ሲወለድ ራሂማ በአርባ ቀኑ ይዛው መጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። «ለፈረሴ አፍ ያዘኑ ለልጄም ያዝናሉ፤ እናቱ እርስዎም ነዎት» አለችኝ፣ ሰው በተሰበሰበበት። አሳደግሁት። ዛሬ የልጆች አባት ነው። ራሂማ እስካሁን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያን ልጓም አስወጥታ ታሳያለች፤ «እትዬ ለእንስሳ እንኳ ልባቸው አይችልም» ትላለች። እኔ ዝም እላለሁ።

መስዑድም ለማንም አልተናገረም። ተራዬንም አንድ ቀን አላጎደለብኝም፤ እስኪሞት ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት። ይመጣል፣ እራቱን ይበላል፣ እጁን በደንብ ይታጠባል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ጎረቤቱ «ሚዛን ነው» ይለዋል እንደ ድሮው። እኔ ደግሞ መብራቱን አብርቼ ጀርባውን፣ የጅራፉን ጠባሳ እያየሁ እቀመጥ ነበር። ወላሂ፣ አንድ ምሽት ተነሥቶ «ፈረሱን አይቼ ልምጣ» ቢለኝ ሮጬ በሩን የምከፍትለት እኔ ነበርሁ።